በጎን የታየ ፊት

ጋሽ አሥራደ ማረፋቸውን የነገሩኝ የመቃብር ድንጋይ ይቀርጹበት የነበረው ሱቅ ባለቤት፣ ሚስተር ሌስተር ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ወደምሠራበት ኮሌጅ ደወሉና ከወትሮው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፕሮፌሰሩ ዛሬ ሳይመጣ ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄድኩ» ብለው ጀመሩ። የቀረውን ሳይነግሩኝ ገባኝ። በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት።

ሚስተር ሌስተር ቀጥለው፣ «ድንጋዩን እኔ ራሴ እሠራለታለሁ» አሉ። «ፎቶግራፍ ከእርስዎ ዘንድ አይጠፋም። ከፊት የተነሣውን ወይም ከጎን የተነሣውን፣ የመረጡትን ይላኩልኝ። እንደ እኔ እንደ እኔ በጎን ቢሆን ይሻላል። እሱም እንደዚያ ይወድ ነበር።»

ጥቂት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ጥያቄያቸው ለሌላ ሰው ተራ ጥያቄ ነው። ጋሽ አሥራደን ለሚያውቅ፣ በተለይም የታክሲ ሹፌሩ የአቶ ደምሰው ሐውልት በተሠራበት ዓመት አብሯቸው ለነበረ ሰው ግን ቀላል አይደለም።

የተዋወቅነው እኔ የስላይድ ክፍል ኃላፊ በሆንኩበት በዚህ አነስተኛ የአትላንታ ኮሌጅ ነው። የሥነ ጥበብ መምህራን በክፍል ውስጥ የሚያሳዩአቸውን የሕንፃ፣ የሐውልትና የሥዕል ስላይዶች፣ በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚታዩትን ትንንሽ ፊልሞች፣ በዘመንና በአገር መድቤ፣ ለእያንዳንዱ ካርድ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ በትምህርት ሰዓትም ፕሮጀክተሩን አንቀሳቅሳለሁ። እሳቸው ቀን ድንጋይ እየጠረቡ፣ አመሻሽ ላይ የጥንት ግሪክና ሮም በኋለኛው አውሮፓ ላይ ስላሳደሩት ተጽዕኖ ያስተምሩ ነበር። አዲስ አበባ ለብዙ ጊዜ አስተምረዋል፤ ከዚያ አስቀድሞ ኢጣሊያ ተምረዋል። ከሁሉም በፊት ግን በበጌምድር አብያተ ክርስቲያናትን እየዞሩ የሚሥሉ የአንድ አለቃ ልጅ ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ነገር እምብዛም አያነሡትም።

ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ የእብነ በረዱ ዱቄት ግን ከጥፍራቸው ሥር አይጠፋም ነበር። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ወዲያው አይመልሱም። አውራ ጣታቸውን ከአገጫቸው ሥር አስደግፈው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ መልሱ ከውጭ የሚመጣ ይመስል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን በዚያን ጊዜ ግንባራቸውንና አፍንጫቸውን አጉልቶ ያሳየኛል። ከማሽኑ አጠገብ ስለምቀመጥ ዘወትር የማያቸው ከጎን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው።

«ኪሳችሁን ፈትሹና ሳንቲም አውጡ» ይላሉ።

አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ፣ «ፕሮፌሰር፣ መዋጮው ለምንድን ነው?» አላቸው።

«ለእኔ ቡና ነው። ገና ብዙ ይቀራል፣ ፈልግ። አሁን ንገረኝ፤ ሳንቲሙ ላይ ያለው ሰውዬ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ጎን።»

«ለምን? አኩርፎህ ነው?»

ሳቁ ሲበርድ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል፤ እኔም መብራቱን አጥፍቼ ስላይዶቹን በተርታ አሳያለሁ። በመጀመሪያ የሮም ቄሣር ፊት የተቀረጸበት የብር ሳንቲም፤ ከዚያ የኢጣሊያ መስፍን ምስል ያለበት የነሐስ ሜዳልያ፤ ከዚያ የአውሮፓ ነገሥታት ገንዘብ። ሁሉም በጎን ናቸው።

«ይህን ልማድ ለመጠበቅ ማንም ስብሰባ አልጠራም» ይላሉ ጋሽ አሥራደ። «አንድ የሮም ነጋዴ ከእጁ ያመለጠውን ሳንቲም ከብዙ ዘመን በኋላ የኢጣሊያ ገበሬ ሲያርስ አገኘው። መስፍኑ አየና ቄሣርን መምሰል አማረው፤ ፊቱን አዞረ። ነገሥታቱም እሱን አይተው ዞሩ። እናንተ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ካለው ማሽን ለስላሳ ስትገዙ ያንኑ የዞረ ፊት ነው የምትከፍሉት። ጥንት አልሞተም፤ ሥራ ቀይሮ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በአማርኛ፣ «የእኛም ነገሥታት አልቀረላቸውም፣ ወይዘሪት አዜብ። አክሱምም በሳንቲሟ ላይ ዞራ ነበር» ይሉኛል። ይህንንም በየዓመቱ ይደግሙታል፤ እኔም በየዓመቱ አዲስ እንደሰማሁ እሆናለሁ።

አንድ ቅዳሜ ለትምህርታቸው የሚሆኑ ፎቶግራፎች ለማንሣት ከአትላንታ ወጣ ብላ ወዳለችው ወደ ሮዝዌል ከተማ ወሰድኳቸው፤ እሳቸው መኪና አይነዱም ነበር። በመንገድ ላይ ነጫጭ ምሰሶዎች የተደረደሩበት ሕንፃ ባየን ቁጥር አፍጥጠው ይመለከታሉ።

«ይኸ ደግሞ የማን ቤተ መቅደስ ነው?»

«ባንክ ነው፣ ጋሽ አሥራደ።»

«እንግዲያው አምላኩ ብዙም አልተለወጠም።»

ሮዝዌል ስንደርስ ከትልልቆቹ የድሮ ቤቶች አንዱ ፊት ለፊት ቆምን። ግዙፍ ምሰሶዎቹ እስከ ጣሪያው ይደርሳሉ። ጋሽ አሥራደ አንዱን በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩ፤ ጆሯቸውንም አስጠግተው አዳመጡ። እኔ በዚያች ቅጽበት ካሜራውን ተጫንኩ፤ አላወቁብኝም።

«እንጨት ነው፤ ውስጡም ባዶ» አሉ። «የግሪኮቹ ምሰሶ ጣሪያ ይሸከም ነበር፤ ይኸኛው የባለቤቱን ስም ነው የተሸከመው።» ከዚያ ከቤቱ ኋላ ወዳለችው ዝቅተኛ ጎጆ አመለከቱና ድምፃቸው ተለወጠ። «እነዚህን ያቆሙት ባሮች ናቸው። እዚያ ነበር የሚያድሩት። ጌቶቹ ስለ ሮም ያነብቡ ነበር፤ ሮምም ባሪያ እንደነበራት ሲያነቡ ልባቸው ሳያርፍ አልቀረም። ሰው ሲወርስ የወደደውን ብቻ መርጦ የወሰደ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም።»

ከዚያ ቀድመውኝ ወደ መኪናው ተመለሱ።

አቶ ደምሰው ያረፉት ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ በምትባል ከተማ ይኖሩ ነበር፤ ሥራቸውም የኤርፖርት ታክሲ መንዳት። በእነዚያ ዓመታት ከሱዳን መጠለያ ጣቢያ ወደ አትላንታ ከመጡት አብዛኞቹ የከተማዋን መንገድ መጀመሪያ ያዩት በእሳቸው መኪና መስኮት ነው። ይህን ሁሉም ይመሰክራል። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሌላ ወሬ ነበር። በአብዮቱ ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ሠርተዋል፤ ሰው አሳልፈው ሰጥተዋል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ሰው አስመልጠዋል የሚሉም አሉ። እውነቱን አላውቅም። በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ የነገረኝ ሰውም የለም። ወሬው ግን አቶ ደምሰው ባሉበት ዝም እያለ፣ ሲወጡ ደግሞ እየተነሣ ኖረ።

ለሙት ዓመታቸው ሐውልት እንዲቆምላቸው ሲታሰብ ጋሽ አሥራደ ሥራውን ራሳቸው ወሰዱ። ሚስተር ሌስተር ከሰሜን ጆርጂያ የመጣ ወፍራም ነጭ እብነ በረድ ሰጧቸው። በየቅዳሜው ሥራው እንዴት እንደሆነ ለማየት ወደ ሱቁ ጎራ እል ነበር። ወቅቱ የጥዱ ዛፍ የአበባ ብናኝ የሚረግፍበት ስለነበር ግቢው፣ መኪናው፣ የተደረደረው ድንጋይ ሁሉ ቢጫ ለብሶ ነበር፤ ያ ነጭ እብነ በረድ ብቻ በሸራ ሥር ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ሸራውን ገልጠው የተጠናቀቀውን ያሳዩኝን ቀን አስታውሳለሁ። በክብ ክፈፍ ውስጥ፣ ወደ ቀኝ የዞረ የአቶ ደምሰው ፊት። ግንባሩ ሰፊ፣ መንጋጭላው ጠንካራ፣ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ሥራ ከእጃቸው ሲወጣ አላየሁም።

«በየትኛው ክፍል ይመድቡታል?» አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል።

«ሮም። ሁለተኛው ክፍለ ዘመን።»

«የታክሲ ሹፌር መሆኑን ደግሞ በካርዱ ላይ ይጻፉ።»

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ ድንጋዩን ለማየት ሲመጡ እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ፤ የመጡትም ከሥራ ወጥተው፣ በደንብ ልብሳቸው ላይ ጥቁር ነጠላ ጣል አድርገው ነው። ጋሽ አሥራደ ሸራውን ገለጡ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ቀረብ ብለው አዩ።

«መምህር፣ ሌላኛው ዓይኑስ?»

«በዚያኛው በኩል ነው፣ እትዬ ጥሩነሽ። በጎን ስለሆነ አይታይም።»

«በጎን መሆኑንማ አጣሁት? እኔ ቤተ ክርስቲያን ስስም ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ እጄን ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ሲያሳየኝ፣ ሁለት ዓይን ያላቸው ጻድቃን ናቸው፣ አንድ ዓይን ያላቸው ከሓዲዎች ናቸው እያለ ነው። ጌታውን አሳልፎ የሰጠው እንዴት ተደርጎ ነው የሚሣለው? እርስዎ የሠዓሊ ልጅ አይደሉም እንዴ!»

ጋሽ አሥራደ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እሱ የእኛ ሥዕል ሕግ ነው። ይኸ ሌላ ነው፤ የክብር አቀራረጽ ነው። የሮም ቄሣሮች ሁሉ…»

«ቄሣሮቹ ለቅሶ አልደረሱኝም!» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «ሙት ዓመቱ ላይ የሚመጡት የእኛ ሰዎች ናቸው። ደምሰው ሰው ሸጧል ሲባል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሺፍት ላይ፣ ፓርኪንግ ሎት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ። ሰምቼ ዝም አልኩ። አሁን እርስዎ በድንጋይ ያረጋግጡላቸው?»

ጋሽ አሥራደ አውራ ጣታቸውን ወደ አገጫቸው ወሰዱ፤ ግን የሚመለከቱት መስኮት አልነበረም።

«ይኸ ድንጋይ ከቆመ ሙት ዓመቱ ላይ እኔን አይፈልጉኝ» አሉና ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

በማግሥቱ ጋሽ አሥራደ ወደ ስላይድ ክፍሉ መጡ። ተቆጥተው ነበር፤ ተማሪ ያልገባው መምህር እንደሚቆጣው። «እትዬ ጥሩነሽን እዚህ አምጥቼ ላስረዳቸው ነው» አሉ። «የቄሣሩን ሳንቲም ያውጡልኝ። ከኢትዮጵያ ክፍል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ይፈልጉልኝ፤ የጸሎተ ሐሙስ እራት ያለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው ልዩነቱ ይገባቸዋል። አስቀድመን እኛ እንሞክረው።»

በሁለት ፕሮጀክተር ሁለቱን ሥዕሎች በአንድ ግድግዳ ላይ አሳየሁ። በግራ የቄሣሩ ፊት በጎን፣ ኩሩና ብቸኛ። በቀኝ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት ሐዋርያት፣ ዓይኖቻቸው ትልልቅ፣ ሁላቸውም ወደ እኛ የሚያዩ። ከጥግ ያለው አንዱ ብቻ ዞሯል፤ የሚታየው ዓይኑም አንድ ብቻ ነው። ከቄሣሩ ጋር ፊት ለፊት የተያዩ ይመስሉ ነበር።

ጋሽ አሥራደ በሁለቱ ብርሃኖች መካከል ቆሙ። ትምህርቱን ይጀምራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጀመሩም።

«አባቴ ሲሥሉ ያዜሙ ነበር» አሉ። «ጻድቃኑን ሲሥሉ ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላዋል። እዚያ አንድ ዓይን ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። እስኪጨርሱት ድረስ አንድ ቃል አይወጣቸውም። እኔ ቀለሙን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ።» ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «እንዴት ይረሳል፣ ወይዘሪት አዜብ?»

«የተረሳ አይመስለኝም» አልኳቸው። «ሌላ ነገር በላዩ ተቀምጦበት ይሆናል።»

«እኔ እኮ አውሮፓውያን ሳያውቁት ፊታቸውን አዞሩ እያልኩ አስተምራለሁ። ሳንቲም አስወጣለሁ፣ አስቃለሁ። ራሴ መቼ እንደዞርኩ ግን አላውቅም።»

በግድግዳው ላይ ያለውን የአባታቸውን ዓይነት ሥዕል እንደገና ተመለከቱ።

«ያጥፉት። እትዬ ጥሩነሽ ስላይድ አያስፈልጋቸውም።»

በዚያው ሳምንት ሚስተር ሌስተር ድንጋዩን በሰንሰለት ማንሻ አዞሩላቸው። ጋሽ አሥራደ በጀርባው በኩል እንደ አዲስ ጀመሩ። የሠሩት ፊት ከሮም ምንም አልነበረውም። ፊት ለፊት የሚያይ፣ ቅንድቡ እንደ ቅስት የተወጠረ፣ ዓይኖቹ ከፊቱ እኩሌታውን የሚሞሉ የሚመስሉ፤ በበጌምድር ግድግዳ ላይ ቢገኝ ማንም የማይገረምበት ፊት። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ስደርስ ከመሮውና ከመዶሻው ድምፅ ጋር ዝቅ ያለ ዜማ ሰማሁ። እስኪያበቁ ውጭ ቆየሁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እኔ ባለሁበት ዳግመኛ መጡ። ድንጋዩ ሁለቱም ገጾቹ እንዲታዩ በሱቁ መካከል ቆሞ ነበር። አዲሱን ፊት አዩት፤ አማተቡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ሁለቱን ዓይኖች በየተራ ዳሰሱ።

«አሁን ይቁም» አሉ።

ጋሽ አሥራደ እጅ ነሡና መሮአቸውን አነሡ። «ያኛውን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ» ብለው ወደ ጀርባው ዞሩ። ሚስተር ሌስተር ቋንቋው ባይገባቸውም የሚሆነው ስለገባቸው ወደ ግቢው ወጡ። መሮው የአቶ ደምሰው ግንባር ላይ አረፈ። መዶሻው ተነሣ።

«ይቆዩ» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ዞረው መጥተው ነበር። በዚያ ቀን በቁጣ ያዩትን አሁን በሌላ ዓይን እያዩ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አሉ፤ ትክክለኛውን ቦታ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ሲያገኙት ቆሙ።

«ይኸ ድራይቭ ሲያደርግ ነው» አሉ።

ጣታቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉ።

«ጠዋት ጠዋት ሆቴሉ ጋ ሲያደርሰኝ ከአጠገቡ ሆኜ የማየው እንዲህ ነበር። እዚህ ጋ፣ ትራፊክ ሲይዘን መንጋጭላውን እንዲህ ይነክሳል። ተው ጥርስህን ትጨርሳለህ እለዋለሁ።» ጣታቸው የመንጋጭላውን መስመር ተከተለ። «የሰጠሁዎ ፎቶ ከፊት የተነሣ ነው። ይኸን ከየት አመጡት?»

ጋሽ አሥራደ መዶሻውን አወረዱ።

«ከኤርፖርት ያመጣኝ ደምሰው ነው። አጠገቡ ነበር የተቀመጥኩት። የመጣሁበትን አገር ለማየት መስኮቱን መመልከት ሲገባኝ፣ ሙሉውን መንገድ እሱን ሳይ ሄድኩ። አማርኛ የሚናገር ሰው ፊት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቄሣር ነው አሉኝ?»

«ቄሣር መስሎኝ ነበር» አሉ ጋሽ አሥራደ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ መሮውን ከእጃቸው ወሰዱና በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው አይንኩት። ያኛው ለሰው ይሁን። ይኸኛው የእኔ ነው።»

ሐውልቱ እንዲሁ ቆመ። ሁለቱ ዓይኖች ወደ መንገዱ፣ ወደ መጪው ሰው ያያሉ፤ የጎኑ ፊት ወደ አጥሩና ወደ ጥዶቹ ነው። ሙት ዓመቱ ላይ ሰው ሁሉ መጣ፤ ሲያወሩ የኖሩትም መጡ። ከፊቱ ቆመው አዩት፤ ያም አያቸው። ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደ መኪናው ሲበተን ወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻቸውን ወደ ድንጋዩ ጀርባ ዞሩ፤ ከቀኝ በኩል፣ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። ጋሽ አሥራደ አንገታቸውን ደፍተው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ጠበቋቸው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ትንሽ ተለወጠ። ሳንቲሙ፣ ቀልዱ፣ ሜዳልያው አልቀረም። መጨረሻ ላይ ግን የዚያን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እንዳሳይ ያዙኛል። «እነዚህ ደግሞ አልዞሩም» ይላሉ ለተማሪዎቻቸው። «ለምን እንዳልዞሩ የሚጠይቀኝ ካለ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ።» የሚጠይቅ ከተገኘ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላም አብረው ይቀመጣሉ።

ሚስተር ሌስተር በደወሉልኝ ሰሞን ሁለት ፎቶግራፎች ከሥሩ በሚበራው የስላይድ ማያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ለኮሌጁ መታወቂያ የተነሡት ነው፤ ክራባታቸው ተጣሟል፣ ዓይኖቻቸው ድንገት ስማቸው እንደተጠራ ሰው ፈጠዋል። ሌላው የሮዝዌሉ ነው። እጃቸው በነጩ ምሰሶ ላይ፣ ጆሯቸው ተጠግቶ፣ የሌላ ዘመን ድምፅ የሚሰሙ ይመስላሉ። ጥሩው ፎቶግራፍ ይኸኛው ነው። ሥራዬ ሥዕል መምረጥ ስለሆነ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም።

የመታወቂያውን ላክሁ።

ሚስተር ሌስተር ደርሷቸው ደወሉ። «እርግጠኛ ነዎት? ይኸ እምብዛም እሱን አይመስልም። በጎን የተነሣው የለዎትም?»

«አለኝ» አልኳቸው። «ግን ሁለቱም ዓይኖች ይታዩ። እንዲያውም ከፎቶግራፉ ተለቅ ያድርጓቸው።»

«እሺ። ጀርባውስ? እንደዚያ እንደ ሹፌሩ ድንጋይ…»

«ጀርባው ልሙጥ ይሁን።»

አሁን ድንጋዩ ቆሟል። የሮዝዌሉ ስላይድ ግን ገና ካርድ አልተጻፈለትም። በግሪክ ክፍል፣ በአሜሪካ ክፍል ወይስ በኢትዮጵያ ክፍል እንደምመድበው አልወሰንኩም፤ ከጠረጴዛዬ ላይም አላነሣሁትም።